ሲንደሬላ ጫማዋን ትታ ማራገቢያ ስትይዝ፦ የፈረንጅ ተረት በጃፓን

#1 ማለዳ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ጃፓን፣ ቺባ ውስጥ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ማታ ማታ ተረት ካልተነበበላት አትተኛም። አንድ ቀን በአማርኛ፣ አንድ ቀን በጃፓንኛ እናነባለን። በዚሁ ሰበብ የፈረንጅ ተረቶች እዚህ አገር እንዴት እንደገቡ መከታተል ጀመርኩ። አሁንማ ልቤን ወስዶታል።

መነሻዬ አንድ ሥዕል ነው። ኡኤዳ ካዙቶሺ የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1889 የጀርመኖቹን የግሪም ወንድማማቾችን የተኩላውንና የሰባቱን ግልገሎች ተረት ወደ ጃፓንኛ መለሰው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሥዕሉ ላይ እናትየዋ ፍየል ኪሞኖ ለብሳለች። በሁለት እግሯ ቆማለች። ፊቷ ፍየል ነው፤ አቋቋሟ ግን ልክ ገበያ ልትወጣ የተዘጋጀች የሰፈር እመቤት። ጀርመን የሚባል ነገር የለም። ተረቱ እዚሁ፣ ከጎረቤት ቤት የተፈጸመ ይመስላል። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። በ1900 ትሱቦውቺ ሾዮ ለትምህርት ቤት ንባብ መጽሐፍ ሲንደሬላን ጻፋት። ይህ ሰው በኋላ የሼክስፒርን ሥራ በሙሉ ወደ ጃፓንኛ የመለሰ ትልቅ ደራሲ ነው። ሲንደሬላን ስሟን ቀይሮ «ኦሺን» አላት። የምትረዳት አሮጊቷ ጠንቋይ ሳትሆን ቤንተን ናት። ቤንተን ጃፓኖች የሙዚቃና የመልካም ዕድል እናት አድርገው የሚያመልኳት ናት፤ ቤተ መቅደሷም ብዙ ጊዜ ውሃ አጠገብ ነው። የብርጭቆው ጫማስ? ጫማ የለም። ኦሺን ጥላ የሄደችው ማራገቢያዋን ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጫማው ለምን ተቀየረ? ይህን ሁሉ ለውጠው ሲያበቁስ ምኑን ሳይነኩት ተዉት? የምታውቁትን አካፍሉኝ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

#2 ብራና (ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት)

ማለዳ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ከጫማው እንጀምር።

ጃፓን ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እንግዲህ አስቢው። ልጅቷ ግብዣ ላይ ናት፤ ሰዓቱ ደረሰና ሮጣ ወጣች። ጫማዋ እግሯ ላይ የለም፤ በር ላይ ነው። የባህሉ ጫማም ክፍት ነው፤ ማሰሪያው በጣት መሀል ይገባል እንጂ እንደ ብርጭቆው ጫማ ለአንድ እግር ብቻ አይሰፋም። አገር ምድሩን በሙሉ ቢያስሞክሩ ለግማሹ ሰው ልክ ይሆናል። ተረቱ እዚያ ላይ ይፈርሳል።

ማራገቢያ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙራሳኪ ሺኪቡ በጻፈችው «የገንጂ ታሪክ» ውስጥ፣ ገንጂ ከቼሪ አበባ ግብዣ በኋላ በጨረቃ ሌሊት አንዲት ሴት ያገኛል። ስሟን አትነግረውም። ሲለያዩ ማራገቢያ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ሁሉ እሷ ጋ ነው። በኋላ በሌላ ግብዣ ላይ ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ እንደተቀመጡ፣ የታወቀ ዘፈን ቃሉን ለውጦ ስለ ማራገቢያ ይጥላል። አንዷ ግራ ገብቷት ትመልስለታለች። ሌላዋ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ገንጂም የምትተነፍሰዋን እጅ ይይዛል።

ስለዚህ ለጃፓን አንባቢ «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት ጥላው የሄደችው ዕቃ» ሲባል ማራገቢያው ሺህ ዓመት የቆየ ነገር ነው። ትሱቦውቺ የራሱን አገር ጫማ አገኘላት ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ታሪኩ ከሜጂ ዘመን (ጃፓን ወደ ምዕራቡ ዓለም ፊቷን ካዞረችበት፣ ከ1868 እስከ 1912) ይቀድማል። በ1593 ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማኩሳ በተባለ ቦታ የኤዞፕን ተረቶች በጃፓንኛ፣ ግን በላቲን ፊደል አሳትመዋል። ወደ እኛ አገር ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ከመግባቱ አሥር ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ኋላ እኛ ዘንድ ዐፄ ፋሲል እንዳባረሯቸው፣ ጃፓንም ክርስትናን ከልክላ አስወጥታቸዋለች። የኤዞፕ ተረቶች ግን አልተባረሩም። በጃፓን ፊደል እየታተሙ ቀጠሉ።

እዚያ መጽሐፍ ላይ የምወደው አንድ ነገር አለ። ክረምት ሲገባ ጉንዳኖቹ ጋ መጥታ የምትለምነው ፌንጣ አይደለችም፤ በጃፓን በጋ ዛፍ ላይ የምትጮኸዋ «ሴሚ» ናት። ጉንዳኖቹ ይስቁባታል። ከሳቁባት በኋላ ግን ትንሽ ምግብ ሰጥተው ይሸኟታል።

#3 ወለላ (ማክሰኞ ጠዋት)

ሁለታችሁም በደንብ አስረዳችሁ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ጫማውን ካወጣህ፣ ስሟን ከቀየርክ፣ ጠንቋይዋን በቤንተን ከተካህ፣ ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? የእንጀራ እናት የምታሰቃያት ልጅ? እሱማ ጃፓንም ሞልቷል። ኮሜቡኩና አዋቡኩ የሚባል የቆየ ተረት አላቸው። የእንጀራ እናቲቱ ሁለቱን ልጆች ፍሬ ልቀሙ ብላ ጫካ ትሰዳቸዋለች። ለራሷ ልጅ ደህና ከረጢት፣ ለእንጀራ ልጇ የተቀደደ ከረጢት ትሰጣለች። የተቀደደ ከረጢት መቼም አይሞላም። ይህ እያለ የፈረንጇን ማልበስና ማስጌጥ ለምን አስፈለገ? እንግዳ እንደመጣ ተቀበል፤ ልብሱን አታስወልቀው።

አስተማሪ ነኝ። ልጆች የማያውቁትን ነገር የሚፈሩ እየመሰለን ብዙ ነገር እንነፍጋቸዋለን። ልጅ የብርጭቆ ጫማ አይቶ ባያውቅም ያልመዋል።

#4 ማለዳ (ማክሰኞ ማታ)

ወለላዬ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ልክ ነው፤ ጃፓኖችም ኋላ ላይ እዚያው ደርሰዋል። ዛሬ እዚህ ኦሺንን የሚያውቅ ልጅ የለም። ሁሉም «ሺንደሬራ» ነው የሚለው፤ ከነብርጭቆ ጫማዋ። ኪሞኖው የመጀመሪያው ዘመን ልብስ ነበር። ለአንድ ትውልድ ያህል አገለገለና ወለቀ።

ግን ፍየሏን ልከላከልላት። ያ ተረት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የተተረጎመው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በ1887ም «ስምንቱ ፍየሎች» ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ እናቲቱን ጨምረው ስለቆጠሩ ስምንት። ምክንያቱን የገባኝ የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኛ አያት የነገሩንን ተረት ስሰማ ነው።

እናት ልጆቿን ቤት ትታ ትወጣለች። ተራራ ላይ ያማምባ ታገኛታለች፤ ያማምባ ሰው የምትበላ የተራራ አሮጊት ናት። እናትየዋን ትበላትና ልብሷን ለብሳ ልጆቹ ቤት ትመጣለች። «ክፈቱልኝ፣ እናታችሁ ነኝ።» ልጆቹም «እስቲ እጅሽን አሳዪን» ይላሉ። እጁ ሻካራ ነው፣ ጸጉር አለው። «አንቺ እናታችን አይደለሽም!» ትሄዳለች፤ እጇን አለስልሳ ትመለሳለች። በሩ ይከፈታል።

አያትየው እዚህ ላይ ሲደርሱ የራሳቸውን እጅ ወደ ልጄ ዘረጉ። ልጄ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

የግሪም ተኩላስ? እሱም እግሩን ዱቄት አስነስንሶ ነው በሩን ያስከፈተው። ያው በር፣ ያው እጅ! የጃፓን ልጅ ይህን ፍርሃት ከአያቱ ጉያ ያውቀዋል። ተኩላው ሲመጣ እንግዳ አልሆነበትም።

አጨራረሱ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ አምልጠው ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ሰማይ ይጮኻሉ፤ የወርቅ ሰንሰለት ይወርድላቸዋል። ያማምባም ትጮኻለች፤ ለእሷ የበሰበሰ ገመድ ይወርድላታል። ተሰብራ ትወድቃለች። ደሟ የፈሰሰበት እህል፣ ያ የሶባ ኑድል የሚሠራበት፣ አገዳው ከሥሩ እስከ ዛሬ ቀይ ነው ይላሉ። አያትየው ይህን ብለው ዝም አሉ። ልጆቹም ሰማይ ቤት ቀሩ።

#5 ተጓዥ (ማክሰኞ ሌሊት)

ሰላም። እኔ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ነው የምኖረው። ከተረት ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

ካቴድራሉ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ የሐውልት ሥራ አለ። አንድ ልጅና አንድ ውሻ ተቃቅፈው ተኝተዋል። የለበሱት ብርድ ልብስ የአደባባዩ ድንጋይ ንጣፍ ራሱ ነው፤ ድንጋዩ እንደ ጋቢ ተነስቶ ሸፍኗቸዋል። የጃፓን ጎብኚዎች ሲመጡ አያለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ተንበርክከው የውሻውን ራስ ሲዳብሱ አይቻለሁ። ያለቅሱ ነበር።

ታሪኩን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዊዳ በ1872 ነው የጻፈችው፤ «የፍላንደርስ ውሻ» ይባላል። ኔሎ የሚባል ድሃ ወላጅ አልባ ልጅ ሠዓሊ መሆን ይመኛል። ካቴድራሉ ውስጥ ያለውን የሩበንስ ሥዕል ለማየት ገንዘብ የለውም። በገና ሌሊት ሁሉም ከገፋው በኋላ ውሻውን ፓትራሽን አቅፎ ሥዕሉ ሥር በብርድ ይሞታል። እዚህ አገር ከስንት አንድ ሰው ነው የሚያውቀው። ጃፓን ግን በ1908 ተተርጉሞ ገባ። ማለዳ ያልሽው ልብስ መቀየር እዚህም አለ፤ ኔሎ «ኪዮሺ» ተባለ፣ ፓትራሽ ደግሞ «ቡቺ»፣ እንደ እኛ «ቡሬ» ማለት ነው። በ1975 በቴሌቪዥን በካርቱን ወጣ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ የመጨረሻው ክፍል ሲታይ አገሩ ሁሉ አለቀሰ።

አሜሪካኖች ይህንኑ ታሪክ ደጋግመው ፊልም ሠርተውታል። የ1959ኙ ላይ ልጁ አይሞትም። ጃፓኖች ግን ሞቱን አልነኩትም። መላእክት ወርደው ልጁንና ውሻውን ይዘው ሲያርጉ አሳዩ እንጂ አላዳኑትም።

ብዙ ዓመት ስለዚህ አሰብኩ። ስሙን ለመቀየር አላመነቱም። መጨረሻውን ግን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም።

#6 ጋሽ ሙሉ (ረቡዕ ጠዋት)

ልጆቼ፣ ከትናንት ጀምሮ እያነበብኳችሁ ነው። ተጓዥ ነገሩን ጫፉን ያዘው።

እኔ በወጣትነቴ ሶቪየት ኅብረት ነው የተማርኩት። እዚያ ኪሪል ቺስቶቭ የሚባል ትልቅ የተረት ተመራማሪ ነበር። ቺስቶቭ አንድ ቀን ለልጅ ልጁ የጃፓኑን የኡራሺማ ታሮን ተረት ያነብለታል። ዓሣ አጥማጁ ኡራሺማ ባሕር ውስጥ ወዳለው የዘንዶው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ተረቱ የቤተ መንግሥቱን ውበት ይዘረዝራል። ልጁ ግን ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። «ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል አያትየው። «መቼ ነው የሚገጥመው?» ይላል ልጁ። ዘንዶውን ማለቱ ነው!

ኡራሺማ አይገጥምም። ንጉሥም አይሆንም። አገሩ ናፍቆት ይመለሳል፤ ለካ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። አትክፈተው የተባለውን ሣጥን ይከፍታል፤ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ይቀራል። አበቃ።

ይህን ወግ ካዋይ ሃያኦ ጠቅሶታል። ካዋይ ስዊዘርላንድ ዙሪክ የዩንግን የሥነ ልቦና ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ጃፓናዊ ነው፤ በ1982 ስለ ጃፓን ተረትና ስለ ጃፓናውያን ልብ የጻፈው መጽሐፍ በጣም ታዋቂ ነው። የእሱ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአውሮፓው ተረት ጀግናው ጭራቁን ገድሎ ልጅቷን አግብቶ ያልቃል፤ ብዙ የጃፓን ተረት ግን ሴቲቱ ሄዳ ያልቃል። አንድ እንጨት ቆራጭ ጫካ ውስጥ ቤት ያገኛል። እመቤቲቱ «እዚያ ክፍል እንዳትገባ» ብላ ትወጣለች። ይገባል። ሦስት እንቁላል አንስቶ ይጥላል። ስትመለስ ታለቅሳለች፤ ወፍ ሆና ትበራለች። ቤቱ የለም። ሰውየው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል።

የፈረንጁ ተረት ላይ የተከለከለውን ክፍል የከፈተ ይቀጣል። እዚህ ማንም አይቀጣም። የቀረው የወፏ ለቅሶና የቆመው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ተረት እየሰማ ያደገ ሕዝብ ኔሎን አታድኑት ቢል እኔ አይገርመኝም።

#7 ኮሜት (ረቡዕ ከሰዓት)

ጋሽ ሙሉ፣ እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወገን ልጨምር። የዴንማርኩ ተረት ጸሐፊ የአንደርሰን ትንሿ ዓሣ ገረድ (ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው የባሕር ልጃገረድ) እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ ናት። የጃፓኑ የፊልም ድርጅት ቶኤ በ1975 ፊልም ሠርቷታል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋናው ተረት አረፋ ሆና ትጠፋለች። የዲስኒ ፊልም በ1989 ሲወጣ ግን ተጋብተው በደስታ ነው የሚያልቀው። በሁለቱ መካከል 14 ዓመት ብቻ ነው ያለው!

#8 ወለላ (ረቡዕ ማታ)

ኮሜት፣ አንድ ወገን ብቻ አትይ። የጃፓኑ የካርቱን ፊልም ሠሪ የሚያዛኪ «ፖንዮ» በ2008 ወጣ፤ ያውም ዓሣ ሆና ሰው ለመሆን የምትመኝ ልጅ ናት፤ በደስታ ነው የሚያልቀው። ቶኪዮ ዲስኒላንድ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ሆኖ በ1983 ሲከፈት መሀሉ ላይ የቆመው የሲንደሬላ ግንብ ነው። ጃፓኖች ሐዘን ብቻ ይወዳሉ ብለን እንዳንደመድም።

ግን ዛሬ አንድ ነገር አንብቤ ልቤ ተነካ፤ የመጀመሪያውን አቋሜንም ትንሽ አላላው። ኦጋዋ ሚሜይ የሚባል የጃፓን ልጆች ደራሲ አለ፤ «የጃፓን አንደርሰን» ይሉታል። በ1921 «ቀዩ ሻማና ዓሣ ገረዷ» የሚል ተረት ጻፈ።

ዓሣ ገረዷ በሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ብቸኝነት ስለሰለቻት፣ የሰው ልጅ ደግ ነው ሲሉ ስለሰማች ልጇን የሰው አገር ትወልዳለች። በዕድሜ የገፉ ሻማ ሠሪ ባልና ሚስት ሕፃኗን ያገኟታል፤ ያሳድጓታል። ልጅቷ ነጩን ሻማ በቀይ ቀለም ትሥላለች፦ ዓሣ፣ ዛጎል፣ የባሕር ሣር። የእሷን ሻማ ተራራው ላይ ላለው ቤተ መቅደስ ያበራ መርከበኛ ማዕበል አይነካውም ተባለ። ገበያው ደራ። ከዚያ አንድ ነጋዴ ይመጣል፤ ልጅቷን በትዕይንት ለማሳየት ብዙ ገንዘብ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹም ይሸጧታል። የአውሬ ማጓጓዣ የብረት ሳጥን ይዞ ሊወስዳት ሲመጣ ልጅቷ እየሣለች ነበር። ሥዕሉን ለመጨረስ ጊዜ ስላጣች የቀሩትን ሻማዎች ዝም ብላ ቀይ ቀባቻቸው።

ያን ሌሊት ጸጉሯ በውሃ የራሰ ሴት በር ታንኳኳለች። አንድ ቀይ ሻማ ገዝታ ትሄዳለች። የከፈለችው ገንዘብ ሲታይ ዛጎል ነው። ማዕበል ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያ ቀይ ሻማ በበራ ቁጥር ባሕሩ ይቆጣል። ከተማዋም ጠፋች።

የአንደርሰኗ ዓሣ ገረድ ለሰው ፍቅር ብላ ራሷን ሰጠች። ሚሜይ ግን «ሰው ታመነ፤ ሰውስ ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ማልበስ አይደለም። ይህ መልስ መስጠት ነው። ለኦሺን ያላልኩትን እሺታ ለዚህ እሰጣለሁ።

#9 ብራና (ረቡዕ ሌሊት)

ወለላ፣ «መልስ መስጠት» ያልሽው ቃል ተመቸኝ። የጃፓን ዓሣ ገረድ ድሮውንም የአንደርሰን ዓይነት አልነበረችም። በጃፓን ባሕር ዳር ያለው የዋካሳ አገር ሰዎች የሚያወሩት የዓሣ ገረድ ሥጋ በልታ ስምንት መቶ ዓመት ስለኖረች መነኩሲት ነው። ሳታረጅ ባል ትቀብራለች፣ ዘመድ ትቀብራለች። ሚሜይ ብዕሩን ሲያነሳ ባሕሩ ባዶ አልነበረም።

#10 ተጓዥ (ሐሙስ ጠዋት)

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ማለዳ፣ ዛሬ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማሩት የፈረንጅ ተረት አለ?

#11 ማለዳ (ሐሙስ ማታ)

አለ፤ የሩሲያው! ካቡ የሚባል ትልቅ ነጭ ሥራ ሥር ሽማግሌው መንቀል ያቅተዋል፤ አሮጊቷ፣ የልጅ ልጁ፣ ውሻው፣ ድመቷ፣ በመጨረሻ አይጧ ይመጣሉ። አንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ላይ አለ። ተርጓሚዋ ኡቺዳ ሪሳኮ ሲጎትቱ የሚያሰሙትን ድምፅ «ኡንቶኮሾ፣ ዶኮይሾ» አለችው። ጃፓኖች ከባድ ነገር ሲያነሱ የሚሉት ነው። አሁን ያ ድምፅ ከተረቱ አይለይም። የልጄ ክፍል ሠላሳ ልጅ በአንድ ላይ «ኡንቶኮሾ!» ሲል የመማሪያ ክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል። እዚህ ተረት ላይ ሽማግሌው ሩሲያዊ እንደሆነ ሥዕሉ ይናገራል፤ ማንም ኪሞኖ አላለበሰውም። አፉ ግን ጃፓንኛ ነው።

እኛ አቅራቢያ ፉናባሺ ላይ የአንደርሰን መናፈሻ አለ፤ ከተማዋ ከአንደርሰን የትውልድ ከተማ ከኦደንሴ ጋር እህትማማች ናት። ቶቺጊ ውስጥ ደግሞ «የግሪም ጫካ» የሚባል መናፈሻ አለ። ነገሩ የመጣው ከስም ነው። ከተማዋ ያኔ ኢሺባሺ ትባል ነበር፤ የድንጋይ ድልድይ ማለት ነው። በግሪሞች አገር በሄሰን ሽታይንብሩከን የሚባል መንደር አገኙ፤ እሱም የድንጋይ ድልድይ ማለት ነው። ስማችን አንድ ነው ብለው ተወዳጁ። ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ።

ጋሽ ሙሉ፣ እርስዎ የነገሩንን የቺስቶቭን ወግ ይዤ ትናንት ማታ ኡራሺማን ለልጄ አነበብኩላት። እሷም እንደዚያ ልጅ ትጠይቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «መቼ ነው የሚገጥመው?» አላለችም። ሣጥኑ ተከፍቶ ጭሱ ሲወጣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ዝም አልን።

እዚህ ተረት በደስታ ሲያልቅ «መደታሺ መደታሺ» ይባላል፤ ይህኛው ላይ የለም። እሷም ያንን ጠብቃ አጣችው መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።